ዊንዶውስ 10ን ትቼ ሊኑክስ ሚንት ላይ ስድስት ወር፦ ከሀዋሳ አንድ ፕሪንት ቤት

ሀዋሳ ውስጥ፣ ከዩኒቨርሲቲው ዋና ግቢ ብዙም ሳይርቅ፣ ትንሽ የጽሕፈትና የፕሪንት ቤት አለኝ። ሦስት ኮምፒውተር፣ ሁለት ፕሪንተር፣ አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽንና አብራኝ የምትሠራ አንዲት ልጅ አለች። ሥራችን ማመልከቻ፣ ውል፣ ሲቪ፣ ሰኔ ሲደርስ ደግሞ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ ነው። ከስድስት ወር በፊት ከሦስቱ ኮምፒውተሮች ሁለቱን ከዊንዶውስ 10 አውጥቼ ሊኑክስ ሚንት የሚባለውን፣ በዊንዶውስ ቦታ የሚጫን ሌላ ሲስተም አስጫንኩባቸው። ከዚያ ወዲህ "እንዴት ሆነልሽ?" የሚለኝ ሰው በዝቷል፣ በተለይ እንደኔ ፕሪንት ቤት ያላቸው። ስለዚህ የተመቸኝንም ያቃጠለኝንም አንድ ላይ ልጻፈው።

ለቸኮለ ሰው መልሱን ቀድሜ ልስጥ። ማሽኑ አሮጌ ከሆነ፣ ኢንተርኔት በፓኬጅ የምትገዙ ከሆነ፣ ሥራችሁም ጽሕፈትና ፕሪንት ከሆነ ሚንት ይሆናችኋል። ሒሳብ በፒችትሪ የምትይዙ ወይም ፎቶሾፕ ላይ የምትውሉ ከሆነ አይሆናችሁም።

ነገሩ የጀመረው አምና ሰኔ ነው። ያኔ ኮምፒውተሮቼን የሚያይልኝ አንድ ጥገና ቤት ነበር፣ ስሙን አልጠራም። የሚሠራው ልጅ እጁ ፈጣን ነው፣ ዋጋውም አይከብድም። ማሽን በተጓተተብኝ ቁጥር በባጃጅ ጭኜ እወስድለታለሁ፣ ፎርማት አድርጎ ከሰዓት ይመልስልኛል። አንድ ቀን ስለ አፕዴት ሳማርርበት "እህቴ፣ የሚያበላሸው እኮ እሱ ነው። ዘግቼልሻለሁ፣ ከእንግዲህ አያስቸግርሽም" አለኝ። መርቄው ወጣሁ። ያላወቅኩት፣ የጫነልኝ ዊንዶውስ ፈቃድ የሌለው መሆኑን ነው። እሱን ያለ ፈቃድ ለማስነሳት የሚጠቀሙበትን ክራክ ደግሞ ዊንዶውስ ዲፌንደር፣ የዊንዶውስ የራሱ ፀረ ቫይረስ፣ ስለሚይዝባቸው ዲፌንደሩንም አብረው ይዘጉታል። አፕዴት የለም፣ ጠባቂ የለም። ሁለት ዓመት ሙሉ እንደዚያ ሆኖ በቀን በትንሹ ሠላሳ የሰው ፍላሽ ሲሰካበት ኖረ።

ከዚያ ሰኔ መጣ። አንዲት ተመራቂ ፍላሿን ሰጠችን፣ ሰካነው፣ ፎልደሮቿ በሙሉ ሾርትከት ሆነዋል። "እህቴ በናትሽ፣ ዛሬ ከሰዓት እኮ ነው የማስረክበው" ስትለኝ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። ፋይሉ አልጠፋም፣ ይህ ዓይነቱ ቫይረስ ፋይሉን ደብቆ በቦታው ሾርትከት ያስቀምጣል፣ ሾርትከቱን በነካችሁ ቁጥር ደግሞ ራሱን ያባዛል። ፈልገን አገኘንላትና አሳተምንላት። እኔን ያንገበገበኝ ግን ሌላ ነው። ቫይረሱ እሷ ይዛው የመጣችው አልነበረም። እኛ ቤት ነው የነበረው። ስንት ፍላሽ ከኛ ተለክፎ ወደ ዶርም፣ ወደ ቢሮ፣ ወደ ሌላ ፕሪንት ቤት እንደሄደ አሰብኩት። የማውቃቸውን ደንበኞች በቴሌግራም አንድ በአንድ እየጻፍኩ ፍላሻችሁን አስፈትሹ አልኳቸው። አንዳንዱ አመሰገነኝ፣ አንዳንዱ ከዚያ ወዲህ አልመጣም። አልፈርድባቸውም።

በንዴት አፕዴቱንም ዲፌንደሩንም በራሴ መልሼ ከፈትኳቸው። የሁለት ዓመት ውዝፍ አፕዴት በአንድ ጠዋት መውረድ ጀመረ። ኢንተርኔቴ ደግሞ ከስልክ የሚመጣ ሆትስፖት ነው፣ ፓኬጅ። ረፋድ ላይ አለቀ። ፕሪንት ቤት ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ ዛሬ ግማሹ ደንበኛ ፍላሽ አይዝም፣ ፋይሉን በቴሌግራም ልኮ "ገባልሽ?" ነው የሚለው። ሰው በር ላይ ተሰልፎ እኔ ፋይል ማውረድ አቃተኝ። ኮምፒውተሩም አፕዴቱን ልጫን እያለ ዎርድ ለመክፈት ደቂቃዎች ይፈጅበት ነበር።

ዊንዶውስ ላይ ለምትቆዩ ሰዎች እዚህ ጋ አንድ ነገር ጣል ላድርግ፣ ያኔ ባውቀው ኖሮ ብዙ ይቆጥብልኝ ነበርና። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ የምትጠቀሙበትን ዋይፋይ "ሚተርድ ኮኔክሽን" አድርጉት፣ ያኔ ዊንዶውስ ትላልቅ አፕዴቶችን ዝም ብሎ አያወርድም። "አክቲቭ አወርስ" የሚለው ላይ የሥራ ሰዓታችሁን ሙሉት፣ እስከ 18 ሰዓት ድረስ ይቀበላል፣ በዚያ ሰዓት ውስጥ ማሽኑ ራሱን ሪስታርት አያደርግም። ሥራ በሚበዛበት ወቅት ደግሞ አፕዴቱን እስከ 5 ሳምንት ማቆየት ይቻላል። ሌላም ልንገራችሁ፦ ማይክሮሶፍት የወሩን ዋና አፕዴት የሚለቀው በፈረንጆቹ ወር ሁለተኛው ማክሰኞ ነው፣ በእኛ ሰዓት ማታ 2 ወይም 3 ሰዓት ገደማ። ስለዚህ ረቡዕ ጠዋት ሱቅ ከፍታችሁ ኢንተርኔቱ ከተጓተተባችሁ መጀመሪያ እሱን ጠርጥሩ። ማቆየትና መዝጋት ግን አንድ አይደሉም። ማቆየት ሥራዬን ልጨርስ ማለት ነው።

መዝጋት ምን እንደሚያመጣ ዓለም አንዴ በደንብ አይቶታል። ዋናክራይ የሚባለው ቫይረስ በግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. ሲነሳ በ150 አገሮች ከ200 ሺህ በላይ ኮምፒውተሮችን ያዘ፣ ፋይሉን ቆልፎ ገንዘብ ካልከፈላችሁ አልከፍትም ይል ነበር። የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ሳይቀሩ ቀጠሮ ሰርዘዋል። የገባበትን ቀዳዳ የሚደፍነው አፕዴት ግን ከሁለት ወር ገደማ በፊት፣ መጋቢት 5 ላይ፣ ወጥቶ ነበር። በጊዜው የጫነ ሰው በዚያ ቀዳዳ አልተጠቃም። ይህን ያነበብኩት ከዚያ የሰኔ ጉድ በኋላ ነው፣ ከዚያ ወዲህ አፕዴት ዝጋልኝ ብዬ ማንንም ለምኜ አላውቅም።

እና በዚህ መሃል ጥቅምት 4 ቀን 2018 ደረሰ። በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 መሆኑ ነው። ከ2007 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የነበረው ዊንዶውስ 10 በዚያ ቀን ነጻ ድጋፉ አበቃ። ኮምፒውተሩ መሥራቱን አያቆምም፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፣ በማግስቱም እንደ ወትሮው ይበራል። አዲስ የሚገኝ ቀዳዳ ግን አይደፈንም። ወደ ዊንዶውስ 11 ልሂድ ብትሉ ደግሞ እሱ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ይፈልጋል፣ ፕሮሰሰሩም ኢንቴል ከሆነ በጥቅሉ ከ8ኛ ጄኔሬሽን ጀምሮ ነው። የኔ ሁለቱ ዴስክቶፖች 4ኛ ጄኔሬሽን ኮር አይ ፋይቭ ናቸው። ያገለገሉ ሆነው ነው የገዛኋቸው፣ ግን አንድም ቀን አላሳፈሩኝም፣ አንዱን ሚሞሪ ጨምሬለታለሁ፣ ለሁለቱም ኤስኤስዲ አስገብቻለሁ። እነዚህን ልጣላቸው? በየትኛው ገንዘብ ልተካቸው? መስፈርቱን አልፎ ዊንዶውስ 11ን በግድ የሚጭን ዘዴ እንዳለ አውቃለሁ፣ ጥገና ቤቶችም ይሠሩታል። ማይክሮሶፍት ግን እንዲህ ለተጫነበት ማሽን አፕዴት ለመስጠት ዋስትና የለኝም ይላል። ከአፕዴት ችግር ሸሽቼ አፕዴት የማይታመንበት ላይ መውጣት አልታየኝም።

ላፕቶፔ ሌላ ነው። ከፋብሪካው ፈቃድ ካለው ዊንዶውስ 10 ጋር የመጣ ስለሆነ የተራዘመውን የሴኪዩሪቲ አፕዴት አስመዘገብኩት። ዋጋው 30 ዶላር ነው፣ በማይክሮሶፍት አካውንት ገብታችሁ ሴቲንጋችሁን ክላውድ ላይ ካስቀመጣችሁ ግን በነጻ ይሰጣል። እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ያገለግላል። አንድ ዓመት ብቻ ነው፣ ቢሆንም ጊዜ ይገዛል።

ሚንትን ያመጣልኝ የእህቴ ልጅ ነው፣ እዚሁ ዩኒቨርሲቲ ይማራል። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት መጥቶ "አክስቴ፣ ሳትጭኚው ሞክሪው" ብሎ ፍላሽ ሰካ። ይህ ነገር እስካሁን ይገርመኛል። ሃርድ ዲስኩን ሳይነካ ከፍላሹ ላይ ይነሳል፣ ዋይፋዩ ይይዝ እንደሆነ፣ ድምፁ ይወጣ እንደሆነ፣ ፕሪንተሩ ይታይ እንደሆነ አይታችሁ ካልተመቻችሁ ፍላሹን ነቅላችሁ ወደ ዊንዶውሳችሁ ትመለሳላችሁ። ከፍላሽ ሲሠራ ትንሽ ይዘገያል፣ በዚያ እንዳትፈርዱበት። ሚንት ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ያለ ነው፣ ኡቡንቱ በሚባለው ላይ የተገነባ፣ ነጻ። ነጻ ስል ክራክ የለም፣ ሲሪያል የለም፣ "አክቲቬት ዊንዶውስ" የሚል ጽሑፍ ስክሪኑ ጥግ ላይ የለም። የጫንነው ሚንት 22 ነው፣ እስከ 2021 ዓ.ም. ሚያዝያ ድረስ አፕዴት ያገኛል። መልኩ ሦስት ዓይነት ነው። 8 ጊጋ ሚሞሪ ባለው ላይ ሲናመን የሚባለውን፣ 4 ጊጋው ላይ ቀለል ያለውን ኤክስኤፍሲኢ ጫንን። ሲናመን ለዊንዶውስ ተጠቃሚ ቅርብ ነው፣ ሜኑው ከታች በግራ፣ ሰዓቱ ከታች በቀኝ። የምታግዘኝ ልጅ በአንድ ቀን ለመደችው።

ስለ አፕዴቱ ሰፋ አድርጌ ልናገር፣ የመጣሁትም ለሱ ነውና። ከታች በቀኝ በኩል የጋሻ ምልክት አለ። አዲስ ነገር ሲኖር ነጥብ ያወጣል። ትከፍቱታላችሁ፣ ዝርዝሩ ይመጣል፣ የትኛው የሴኪዩሪቲ እንደሆነ፣ የትኛው ተራ ማሻሻያ እንደሆነ ይለያል፣ ከታች ደግሞ የመረጣችሁት በጠቅላላ ስንት ሜጋባይት እንደሆነ ይጽፍላችኋል። ፓኬጅ ለሚገዛ ሰው ይህች አንዲት ቁጥር ምን ያህል እፎይታ እንደሆነች! ዛሬ የሴኪዩሪቲውን ብቻ ልውሰድ፣ ሌላው እሑድ ይሁን ማለት እችላለሁ። ካላዘዝኩት አይጭንም። ከጫነ በኋላም ሪስታርት አድርጊ እያለ አይጨቀጭቅም፣ ሪስታርት የሚፈልገው በዋናነት ከርነል የሚባለው የሥርዓቱ እምብርት ሲቀየር ነው፣ እሱንም ማታ ስዘጋ ያገኘዋል። ሌላው ደስ ያለኝ ፋየርፎክሱም፣ በዎርድ ቦታ የምንጠቀምበት ሊብሬኦፊሱም፣ ፒዲኤፍ ማንበቢያውም እዚያው ዝርዝር ውስጥ አብረው መዘመናቸው ነው። ድሮ እያንዳንዱ ፕሮግራም በራሱ ሰዓት ብቅ ብሎ "አዲስ ቨርዥን አለ" ይለኝ ነበር።

ዳታ አይበላም ግን አልልም። ይበላል። ፈርምዌር የሚባለው ጥቅል ብቻውን በመቶዎች ሜጋባይት ነው፣ ከርነልም ቀላል አይደለም፣ ሊብሬኦፊስ ሲቀየርም እንዲሁ። ገና እንደተጫነ የሚመጣው የመጀመሪያው አፕዴት ከሁሉም ይከብዳል፣ ስለዚህ ሰፊ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ወስዳችሁ አድርጉት። የእህቴ ልጅ ያሳየኝ አንድ መላ አለ። ሁለቱ ማሽኖቼ አንድ ዓይነት ቨርዥን ስለሆኑ በአንዱ ላይ ጥቅሎቹን ሳይጭን እንዲያወርዳቸው ብቻ ያዘዋል፣ ከዚያ በፍላሽ ወደ ሁለተኛው ይቀዳቸዋል። ለጋራው ነገር አንዴ ነው የምከፍለው። ይህን የምታደርጉት ጥቁሩን መስኮት ከፍታችሁ ትእዛዝ በመጻፍ ነው፣ መጀመሪያ ያስፈራል። እኔ ትእዛዞቹን ደብተር ላይ ጽፌ ከማሽኑ አጠገብ አስቀምጫለሁ።

መብራትስ? ጥር ላይ አንድ ማታ አፕዴት እየተጫነ መብራት ሄደ። ዩፒኤሴ ባትሪው ከደከመ ቆይቷል፣ አልያዘም። ጠዋት ስንከፍተው ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ቀረ። ልቤ ነው የወረደው። ለእህቴ ልጅ ደወልኩለት፣ ክፍል ሊገባ ስለነበር በስልክ እየመራን ያንኑ የመጫኛ ፍላሽ ሰክተን አስነሳነው፣ ታይምሺፍት የሚባለውን ከፍተን ከአንድ ቀን በፊት ወደነበረበት መለስነው። ቡና ተፈልቶ ሳያልቅ ሱቁ ሥራ ጀመረ። ታይምሺፍት ሲስተሙ በደህና ቀን የነበረውን ሁኔታ እየያዘ የሚያስቀምጥ ነው፣ ሲጫን በነባሪ አይበራም፣ እናንተ ናችሁ የምታስጀምሩት። መጀመሪያውኑ አስጀምሩት። ግን ልብ በሉ፣ የሚጠብቀው ሲስተሙን እንጂ የደንበኛ ፋይል አይደለም። ሰነዶቻችሁን ለብቻው ሃርድ ዲስክ ላይ መቅዳት አይቀርላችሁም።

አሁን ወደ አማርኛው። እዚህ ላይ ነው ላባችን ጠብ ያለው።

እኛ ለዓመታት የጻፍነው በፓወር ግዕዝ ነው። ፓወር ግዕዝ የዊንዶውስ ፕሮግራም ነው፣ ሚንት ላይ አይጫንም። በምትኩ አይባስ የሚባለውን የመጻፊያ ዘዴ አስተካከልንና አማርኛ ጨመርንበት። በላቲን ፊደል "ሰ-ላ-ም" እያሰባችሁ ስትነኩት ሰላም ብሎ ይወጣል፣ እንደ ጠ፣ ጨ፣ ጰ ያሉት በትልቁ የላቲን ፊደል ይመጣሉ። ኪማን የሚባለው የመጻፊያ ፕሮግራምም ለሊኑክስ አለ፣ እሱን የለመደ በሱ ይቀጥል። ዋናው ችግር ጣት ነው። የአንዳንድ ፊደላት ቦታ ይለያል፣ የምታግዘኝ ልጅ ፓወር ግዕዝ ላይ ሳታይ የምትጽፍ ናት፣ መጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ፍጥነቷ በግማሽ ወረደ። ደንበኛ ከኋላ ቆሞ ሲያያት ትጨነቅ ነበር። ፊደላቱን ወረቀት ላይ አትሜ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩላት። በወሩ ወደ ፍጥነቷ ተመለሰች። የኛ ከተማ ደንበኛ ደግሞ ግማሹ ሲዳምኛ ነው የሚያጽፈው፣ ሲዳምኛ የሚጻፈው በላቲን ነው፣ ስለዚህ በአንድ ማመልከቻ ላይ እንኳ ወዲያ ወዲህ እንላለን። የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍና ስፔስን አንድ ላይ ስትነኩ ይቀያየራል። ይኼ ከድሮው ይቀላል።

የድሮ ሰነዶች ሌላ ራስ ምታት ናቸው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ (በየትኛውም መሣሪያ ላይ እንዲነበብ የተደረገው የጋራ የፊደል አሠራር ነው) ከገባ፣ በፈረንጆቹ 1999፣ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ቢሮዎቻችን ግን ከዚያም በኋላ ለረጅም ጊዜ በቪዡዋል ግዕዝና በመሳሰሉት ፎንቶች ነው ሲጽፉ የኖሩት። በነዚያ የተጻፈ ደብዳቤ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ነው። ይህ የሚንት ጥፋት አይደለም፣ ዊንዶውስም ላይ ፎንቱ ከሌለ ያው ነው። የፎንቱን ፋይል ከድሮው ማሽን ቀድተን ሚንት ላይ ስናስገባው ጽሑፉ ይነበባል፣ ማተምም ይቻላል፣ ማረም ግን አስቸጋሪ ነው። የቤት ኪራይ፣ የመኪና ሽያጭ፣ የውክልና፣ የብድር ውል ቅጾቻችንን ሥራ በሚቀዘቅዝበት ከሰዓት ከሰዓት በዩኒኮድ እንደ አዲስ ጻፍናቸው። አድካሚ ነበር። ግን ከዚያ ወዲህ ቅጹን በቴሌግራም የላክንለት ሰው ስልኩ ላይ ከፍቶ ያነበዋል፣ ያንን ድሮ ማድረግ አንችልም ነበር። መቼም ቢሆን መሠራት የነበረበት ሥራ ነው፣ ሚንት ገፋፋን።

ተማሪ በዎርድ የጻፈውን ይዞ ሲመጣ ሊብሬኦፊስ ይከፍተዋል። እንግሊዝኛው ብዙ ጊዜ አይዛነፍም፣ ለታይምስ ኒው ሮማን ምትክ የሆነው ሊበሬሽን ሰሪፍ የፊደሎቹ ስፋት እኩል እንዲሆን ተደርጎ የተሠራ ስለሆነ መስመሩ ቦታውን አይለቅም። አማርኛው ግን ይንቀሳቀሳል። በኒያላ የተጻፈ ከሆነ፣ ኒያላ የዊንዶውስ ፎንት ስለሆነ፣ ሚንት በሌላ የግዕዝ ፎንት ይተካዋል፣ መስመሩ ይረዝማል ወይ ያጥራል፣ ገጹ ይገፋል፣ ማውጫው ላይ 34 የተባለው ምዕራፍ 36 ላይ ይገኛል። ሰንጠረዥ የበዛበት ጽሑፍም እንዲሁ ይበታተናል። አንድ ልጅ አሥር ገጽ ካተምንለት በኋላ ነው ያየው፣ ወረቀቱን በራሴ ኪሳራ ደገምኩለት። አሁን በር ላይ "እባካችሁ ለፕሪንት ፒዲኤፍ አምጡ" ብዬ ለጥፌያለሁ። ያላመጣውን ላፕቶፑ ላይ ከፍቼ ወደ ፒዲኤፍ እቀይርለታለሁ።

ስለ ፕሪንተር አጭር ነው። ኤችፒው ገመዱን እንደሰካነው ራሱ ተገኘ፣ ምንም አላወረድንም። ሁለተኛው፣ የሌላ ድርጅት ነው፣ ድራይቨሩን ከድረ ገጹ ፈልገን እስክንጭን ግማሽ ቀን ወሰደብን። ከመቀየራችሁ በፊት በዚያ በሙከራ ፍላሹ ላይ ሆናችሁ አንድ ገጽ አትሙ። ፕሪንት ቤት ፕሪንተሩ ካልሠራ ምን ዋጋ አለው?

ፍላሽ ላይ ግን ሚንት ካሰኝ ነው የምለው። የዊንዶውስ ቫይረስ ሚንት ላይ አይነሳም፣ ያ ብቻ አይደለም። ያ ሾርትከት የሚያደርገው ቫይረስ ፋይሉን የሚደብቀው በዊንዶውስ ምልክት ነው፣ ሚንት ያንን ምልክት አይቆጥረውም። ስለዚህ የተለከፈ ፍላሽ ስንሰካ የተደበቀው ፋይል እንደወትሮው ተቀምጦ ይታያል፣ ከአጠገቡ ቆሻሻው ሾርትከት። ተማሪው "ጠፋብኝ" ብሎ እያለቀሰ ይመጣል፣ እኛ ከፍተን እናሳየዋለን። ሾርትከቱንና የማናውቀውን ፋይል ሰርዘን፣ የሱን ፋይል ቀድተን እንሰጠዋለን፣ ለዚህ አናስከፍልም። አምና በኔ ቤት በኩል ለተለከፉት ልጆች ሳስብ፣ ይህን በነጻ መሥራቱ ልቤን ያሳርፈዋል። በእርግጥ ሚንት ራሱ አይለከፍም ማለት ቫይረሱን አያሻግርም ማለት አይደለም፣ የተለከፈ ፋይል ቀድታችሁ ለሌላ ሰው ፍላሽ ብትሰጡ ይሄዳል። ስለዚህ የማይታወቅ ፋይል አንቀዳም።

ላፕቶፑ ለምን ዊንዶውስ ላይ ቀረ? በፒችትሪ ምክንያት። ለሁለት ነጋዴዎች ሒሳብ እይዛለሁ፣ ፒችትሪ ሚንት ላይ እንደ ሰው አይሠራም፣ በሰው ሒሳብ ደግሞ ሙከራ አላደርግም። ፎቶሾፕም የለም። ጉርድ ፎቶ በጊምፕ እንሠራለን፣ ጀርባ መቀየርና ስምንት ፎቶ በአንድ ወረቀት መደርደር ይችላል፣ ግን ፎቶሾፕ የለመደ እጅ ይናደድበታል። እኔም አልፎ አልፎ እናደዳለሁ።

ፍጥነቱን ሳልጠቅስ። ባለ 4 ጊጋው ማሽን ድሮ ጠዋት አብርቼው ሱቁን ጠርጌ፣ ውሃ ረጭቼ ስመለስ ነበር የሚደርስልኝ። አሁን ቦርሳዬን ሳስቀምጥ ተነስቷል። ፋየርፎክስ ላይ ብዙ ገጽ ከተከፈተ ግን 4 ጊጋ አሁንም ያንሳል፣ ያኔ ይተኛል።

እንደ ጥገና ዋጋ ካሰባችሁት፣ ባለፉት ስድስት ወራት ሁለቱን ማሽኖች አንድም ቀን ባጃጅ ላይ አልጫንኳቸውም። በፊት በየሁለት ወሩ ነበር። የእህቴ ልጅ ባይኖርስ? እውነት ነው፣ መጀመሪያውን ብቻዬን አልወጣውም ነበር፣ በተለይ የአማርኛ መጻፊያውንና ሁለተኛውን ፕሪንተር። የሚያግዛችሁ ሰው ከሌለ አትቸኩሉ። አንድ ማሽን ላይ ብቻ ጀምሩ፣ ሌላውን አትንኩት፣ ደግሞ ሰኔን ጠብቃችሁ እንዳትቀይሩ። እኛ ኅዳር ላይ ማድረጋችን በጀን።

አሁን የማስበው ስለ ላፕቶፑ ነው። ጥቅምት ሲመጣ የተራዘመው አፕዴት ያበቃል፣ ማሽኑ 6ኛ ጄኔሬሽን ስለሆነ ዊንዶውስ 11 በመስፈርቱ አይቀበለውም። ከነጋዴዎቹ ጋር ተነጋግሬያለሁ፣ አንዱ ዊንዶውስ 11 የሚቀበል ያገለገለ ኮምፒውተር በራሱ ገዝቶ ሒሳቡን እዚያ ላይ እንድይዝለት ተስማምቷል። ሌላኛው ገና እያሰበበት ነው።

ሚንትን ለመሞከር ለፈለጋችሁ፣ የመጫኛው ፋይል ወደ 3 ጊጋባይት ይጠጋል። ሀዋሳ ያላችሁና ቤቴን የምታውቁ ፓኬጃችሁን አታቃጥሉ፣ ባለ 8 ጊጋ ባዶ ፍላሽ ይዛችሁ ኑ፣ እኔ ጋ ስላለ እጭንላችኋለሁ። ከሰዓት በኋላ ብትመጡ ይሻላል፣ ጠዋት ወረፋ አለ።